የቮልስ ለቅሶ

ስቶቭነር የአምስት ቁጥር ባቡር መስመር ሊያልቅ አንድ ፌርማታ ሲቀረው የሚገኝ የኦስሎ ሰፈር ነው። እዚህ ያለን ሐበሾች ቅዳሜ ከሰዓት ቡና ስንጠጣ የምንጨቃጨቅባቸው ጉዳዮች ሦስት ናቸው፤ ፖለቲካ፣ የቤት ብድር ወለድና መኪና። የመጀመሪያው ወዳጅነት ያፈርሳል፣ ሁለተኛው ያስተክዛል፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ የምናርፈው ሦስተኛው ላይ ነው።

በቅርቡ አንድ የማከብራቸው ጋሼ ስልካቸውን አውጥተው ሁለት ፎቶ አሳዩን። አንዱ አዲስ አበባ ውስጥ እንደ አዲስ ተቀብቶ የሚያብረቀርቅ አሮጌ ቮልስ ነው። ሌላው የዚያው ኩባንያ ኤሌክትሪክ መኪና፣ አይዲ 4። «ይኼ መኪና ነው» አሉ በመጀመሪያው ላይ ጣታቸውን አሳርፈው። «ያኛው ቴሌቪዥን ነው። ነፍስ የለውም።» ቤቱ በሙሉ ራሱን ነቀነቀ። እኔ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝ፤ መንጃ ፈቃድ እንኳ የለኝም፤ ስለዚህ ማንም አልጠየቀኝም። ያልተጠየቅሁትን እዚህ እናገራለሁ።

ይህቺን «ነፍስ የለውም» የምትል ፍርድ ከሙያዬ አውቃታለሁ። አዲስ የግጥም ስልት በመጣ ቁጥር የምትወጣ ናት። በመኪናው ዓለምም ለቅሶው በየትውልዱ ይደገማል። እ.ኤ.አ. በ1994 ፎልክስዋገን በዲትሮይት የመኪና ትርዒት ላይ «ኮንሰፕት ዋን» የተባለ የሙከራ መኪና አቀረበ። ቅርጹ የድሮው ቮልስ ነው። ከእርሱ የተወለደው ኒው ቢትል ገበያ ሲወጣ ግን ሞተሩ ከኋላ ወደ ፊት መጥቷል፣ በአየር መቀዝቀዙ ቀርቶ በውኃ ሆኗል፣ ከሥሩም ጎልፍ ነው። የድሮው ወዳጆች ጎልፍ ካባ ደርቦ መጣብን ብለው አዘኑ፤ ከመሪው አጠገብ በተሰካችው ትንሽ የአበባ ማስቀመጫ ተሳለቁ። በ2019 የመጨረሻው ቢትል ሜክሲኮ ከሚገኘው የፑየብላ ፋብሪካ ሲወጣ ደግሞ ለእርሱም ተለቀሰ። አሁን ተራው የአይዲ ነው። ኩባንያው አይዲ 3ን ሲሰይም ሦስት ቁጥሯ ከቢትልና ከጎልፍ ቀጥሎ የሚመጣው ሦስተኛ ምዕራፍ ናት አለ። ራስን በራስ ማንገሥ ይሏል ይህ ነው።

ነገር ግን የቮልስ ነፍስ ከፋብሪካ አብሮት ወጥቶ ነበር ወይ? የተወለደው በሂትለር ትእዛዝ፣ በፌርዲናንድ ፖርሸ ንድፍ ነው። ከ300 ሺህ በላይ ጀርመናውያን መኪና ይደርሰናል ብለው ቴምብር እየገዙ ቆጠቡ፤ ለአንዳቸውም አልደረሰም። ጦርነቱ ሲመጣ ፋብሪካው ተገድደው በሚሠሩ ሰዎች ጉልበት የጦር መሣሪያና ተሽከርካሪ አመረተ። ይህ ነፍስ ከሆነ ባይኖረው ይሻል ነበር።

በእኛም አገር ታሪኩ ከዚህ አያንስም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስ ነው። ግቢው ውስጥ ሮልስ ሮይስ እያለ! የዚያን ቀን ትርጉም ከአዋጁ ይልቅ ከመኪናው ያነበበው ሰው ሳይበዛ አይቀርም። ያን ዕለት ቮልስ የማነስ ምልክት ነበር፤ ዛሬ ያው መኪና ተወልውሎ የባለቤቱ ኩራት ሆኗል። ብረቱ አልተለወጠም። የተለወጥነው እኛ ነን፤ ወጣትነታችንን መኪናው ውስጥ ረስተነው ወርደን፣ አሁን መኪናውን መልሱልን እንላለን።

ደግሞ «እኛ» ማን ነው? አባቴ መኪና አልነበረውም። እኔ የማስታውሰው ቮልስ ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ ሽቅብ ሲያጓራ ጭሱን እየሳብሁ ከኋላው በእግሬ ስሄድ ነው። ስለ ሞተር ድምፅ የሚጻፈው ትዝታ ሁልጊዜ ውስጥ ከተቀመጠው ሰው ነው የሚመጣው። ከኋላ ያለው ሰው ትዝታው ሳል ነው።

ይሁንና ጋሼን በዚህ ብቻ መርታት አይገባኝም፤ ያጡት ነገር አለ፤ ስሙን ነው የሳቱት። በወጣትነታቸው ቮልሳቸው ሲቆም ኮፈኑን ከፍተው ራሳቸው ይጠግኑት ነበር። ካልቻሉ ጋራዥ ይወስዱታል፤ ሜካኒኩም ትምህርት ቤት ሳይሆን ከሌላ ሜካኒክ እጅ የተማረ ነው። ቋንቋውን አስቡት፦ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ማርሽ። ጣልያን ትቷቸው የሄዳቸውን ቃላት በዘይት በጠቆረ እጃቸው ወርሰው አማርኛ ያደረጓቸው የጋራዥ ሰዎች ናቸው። የትኛውም የቃላት ኮሚቴ እንዲህ አልተሳካለትም። አሁን የመጣው መኪና ካንዴላ የለውም፤ ፍሪሲዮን የለውም። ቃሉም፣ ቃሉን የያዘው ሰውም አብረው ሥራ ሊፈቱ ነው።

አዲስ አበባ የሚታዩት አይዲ 4ና አይዲ 6 ብዙዎቹ ቻይና ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸው። ስክሪኑ የሚናገረው ቻይንኛ ነው። ሜካኒኩ ጎማ ይፈታል፣ ፍሬን ይቀይራል፤ ወደ ሶፍትዌሩ ግን መግቢያ የለውም። ጋሼ «ነፍስ» የሚሉት ይህን ይመስለኛል፤ የገዛኸውን ዕቃ ከፍቶ የማየት ሥልጣን። ይህ በትዝታ አይመለስም፤ በሕግ ግን ይጠየቃል።

መንግሥት በጥር 2024 በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል እንዳይገባ መከልከሉን በትራንስፖርት ሚኒስትሩ በኩል አሳወቀ፤ ምክንያቱ ለነዳጅ የሚወጣው የውጭ ምንዛሪ ነው። ምክንያቱ ሚዛን ይደፋል፤ ጭሱን ለሳበ ሰው ደግሞ እሰየው ነው። የጎደለው ሌላ ነው፦ አስመጪው የጥገና መመሪያውን፣ የብልሽት መመርመሪያውን፣ መለዋወጫውን አብሮ ያምጣ ተብሎ ሲገደድ አላየንም። ኖርዌይ ቤንዚን መኪና ከልክላ አታውቅም። ከ2001 ጀምሮ በኤሌክትሪክ መኪና ላይ የተጨማሪ እሴት ታክስን አንሥታ፣ ከሃያ ዓመት በላይ ታግሣ፣ በ2024 ከተሸጡት አዲስ መኪኖች ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ ኤሌክትሪክ ሆኑ። እዚህ መኪናህ ጉድለት ቢገኝበት እስከ 5 ዓመት ሻጩን የምትጠይቅበት ሕግ አለ። የእኛ ሰው ኦስሎ ሆኖ በዚህ መብት ይጠቀማል፤ አዲስ አበባ ላለው ወንድሙ ግን የሚልክለት የአሮጌ ቮልስ ፎቶ ነው።

ይህንኑ፣ ትንሽ ለስለስ አድርጌ፣ ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ ለጋሼ ነገርኋቸው። ሲኒያቸውን ይዘው ዝም ብለው አዳመጡኝ።

«ለመሆኑ አንተ ምን ትነዳለህ?» አሉኝ።

«አምስት ቁጥርን ነው የምሳፈረው፣ ጋሼ።»

«እሱም ቢሆን» አሉ «የድሮው ይሻል ነበር።»