«የየትኛው እድር ነው?»

ቦርደዴን ብዙዎቻችሁ የምታውቋት በመኪና መስኮት ነው። ከአዋሽ ወጥቶ ወደ ሚኤሶ የሚወርድ ሰው ሙቀቱን እያማረረ ያልፋታል። የጅቡቲ መንገድ ነውና አላፊው ብዙ ነው፤ ከአላፊው አንዳንዱ ደግሞ እዚያው ይሞታል። የጭነት መኪና ረዳት፣ የቀን ሥራ ፍለጋ የወጣ ልጅ፣ ባሕር ሊሻገር የተነሳ ስደተኛ። አገሩ ቆላ ነው፤ ሬሳ አያሳድርም። ዘመድ እስኪፈለግ መጠበቅ የለም።

እንዲህ ያለ ሞት ሲመጣ ቀድሞ የሚጠየቀው ነገር ያናድደኛል። «የየትኛው እድር ነው?» ቀጥሎ ደግሞ «ሃይማኖቱስ?» ሟች ለሁለቱም መልስ የለውም።

እኔ ካቶሊክ ነኝ። በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች ቁጥራችን ትንሽ ስለሆነ፣ «ማን ይቀብረኛል?» የሚለው ጥያቄ እኛ ቤት የቡና ላይ ወሬ አይደለም። ዛሬ ግን ጠቤ ከራሳችን ሰዎች ጋር ነው። «የእኛ ምእመን አይደለም» ብለው እጃቸውን ሲሰበስቡ ሰምቻለሁ።

ከየት የተማሩት ነው? ትምህርተ ክርስቶስ የተማረ ልጅ ሰባቱን ሥጋዊ የምሕረት ሥራዎች በቃሉ ይወጣቸዋል። ስድስቱ ከማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ናቸው። ሰባተኛው፣ ሙታንን መቅበር፣ እዚያ የለም፤ መሠረቱ መጽሐፈ ጦቢት ነው። ጦቢት በነነዌ ምርኮኛ ሳለ፣ የበዓል ማዕድ ቀርቦለት፣ አንድ ወገንህ ተገድሎ ገበያ ላይ ተጥሏል አሉት። ሳይቀምስ ተነሳ። ሬሳውን አንስቶ ቤት አስገባው፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ቆፍሮ ቀበረው። ጎረቤቶቹ ሳቁበት፤ ቀደም ሲል በዚሁ ሥራው ሊገደል ተፈልጎ ሸሽቶ ነበርና።

«እሱ እኮ የቀበረው ወገኑን ነው» የሚለኝ አይጠፋም። ይሁን። እንግዲያው እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣውን የቤተ ክርስቲያናችንን ሕግ ቁጥር 1183 ያንብብ። ለጥምቀት ሲማር የሞተ ሰው በቀብር ጊዜ እንደ ምእመን ይቆጠራል። ወላጆቹ ሊያስጠምቁት አስበው ሳለ የሞተ ሕፃን በጳጳሱ ፈቃድ ጸሎት ይደረግለታል። የሌላ ቤተ ክርስቲያን ክርስቲያን እንኳ፣ የራሱ ካህን ካልተገኘና አልፈልግም ማለቱ ካልታወቀ፣ በጳጳሱ ፈቃድ በእኛ ሥርዓት ሊቀበር ይችላል። ሕጉ በሩን ከፍቶ ሳለ እኛ ቁልፍ ፍለጋ እንሄዳለን!

ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ይህን ነገር ከእኛ ይልቅ አጥርተው ይናገሩታል። ጀናዛ ፈርድ ኪፋያ ነው፤ ጥቂቶች ከፈጸሙት ለሌላው ይወርድለታል፣ ማንም ካልፈጸመው ግን ኃጢአቱ የሁሉም ነው። እርግጥ ይህ የተደነገገው ለሙስሊም ሟች ነው። ሐሳቡን ለከተማ ብንዋሰው ግን ምን ይጎድልብናል?

የእድር ሰዎች መልስ አላቸው፤ «ያልከፈለ ከተቀበረ ማን ይከፍላል?» አልንቀውም። እድሩም አፎሻውም የቆመው በመዋጮ ነው፤ ደሀ ከደሀ ተበድሮ የሚቀበርበት ብልሃት ነው። እንግዲያው እንለየው። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ለቤተሰቡ የሚሰጠው ገንዘብ የአባል ይሁን። ማጠቢያ ውሃ፣ ከፈን፣ ሬሳ የሚሸከሙ ሰዎችና አውሬ የማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ ግን የማንም ሰው ይሁን። ይህን ያህል ወጪ ከተማውን አያደኸየውም።

በ2007 ዓ.ም. አይኤስ ሊቢያ ውስጥ ለገደላቸው ልጆች አዲስ አበባ ቂርቆስ ሰፈር ለቅሶ ተቀምጠናል። ድንኳን ነበረ፤ ሬሳ አልነበረም። ያ ለቅሶ ምን እንደሚመስል እያወቅን፣ መንገዳችን ላይ የወደቀውን የሰው ልጅ ያለ ምልክት አፈር ማልበስ ምን ይባላል?

ስለዚህ አንድ ደብተር ይከፈት። ስሙ ካልታወቀ የሞተበት ቀን፣ የለበሰው ልብስ፣ ኪሱ ውስጥ የተገኘው፣ የተቀበረበት ቦታ ይጻፍ። ደብተሩ ቀበሌ ይቀመጥ፣ እድር ቤት፣ ወይስ መስጊድ፣ በስብሰባ እንጨቃጨቅበት። እናት ከወሎም ትምጣ ከከምባታ፣ «ልጄ የት ነው?» ስትል ገጹን ገልጦ እጇን ይዞ የሚወስዳት ሰው ግን አሁኑኑ ይመደብ።