ቺንጋው ብቻውን አይሸጥ

በአንድ አስመጪ ነጋዴ ቤት በጸሐፊነት ሥራ ከተሰማራሁ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ሞያዬ ደብዳቤ መጻፍና ሒሳብ መመዝገብ እንጂ ሞተር መፍታት አይደለም። ይሁን እንጂ መካኒኩ በእጁ የሚያየውን ጥፋት ጸሐፊው በወጪ ዓምድ ላይ ያየዋልና፣ ስለ ሞተር ቺንጋ ንግድ ያለኝን አሳብ ለክቡራን አንባቢዎች ለማቅረብ ደፈርሁ።

ነገሩ የደረሰው በራሳችን ቤት ነው። ዕቃ የምናመላልስበት የናፍጣ ፒክ አፕ መኪና ታይሚንግ ቺንጋ የሚለወጥበት ጊዜ ስለ ደረሰ፣ ግዢው ለእኔ ታዘዘ። መርካቶ ወርጄ ከሦስት ሱቆች ዋጋ ጠየቅሁ፤ ከሦስቱ ያነሰውን መርጬ ቺንጋውን ብቻ ገዛሁ። ባለሱቁ አንዳች ነገር አልጠየቀኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። መኪናው ከዚያ በኋላ 22,000 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄደ፣ ከአዳማ ጭኖ ሲመለስ ሞጆን አልፎ ሞተሩ በድንገት ጸጥ አለ። ጋራዥ ተጎትቶ ሲፈታ ከ8ቱ ቫልቮች 6ቱ ጎብጠው ተገኙ። መኪናው 19 ቀን ቆመ፤ በእነዚያ ቀኖች የኪራይ መኪና ከፈልን። ቺንጋውን ከነወጣሪው ለውጠን ቢሆን የምናወጣው ገንዘብ፣ ለዚህ ሁሉ ከወጣው ከአሥር አንድ እጅ አይሞላም ነበር።

እኔ ቺንጋው አስመስሎ የተሠራ መስሎኝ ባለሱቁን ለመክሰስ ተነሥቼ ነበር። መካኒኩ ግን የተበጠሰውን ቺንጋና የወጣሪውን ኩሽኔታ ጎን ለጎን አስቀምጦ አሳየኝ። የኩሽኔታው ግራሶ ደርቆ መዞር አቁሟል፤ ቺንጋው በቆመው ብረት ላይ ሲፋተግ ግሎ ተቃጥሏል። ቺንጋው አዲስ ነበር፤ አሮጌው ወጣሪው ነው። አሠሪዬም መዝገቡን ተመልክተው፣ «ጥፋቱ የባለሱቁ ብቻ አይደለም፤ እኛም የጠየቅነው ዋጋ ብቻ ነው» አሉኝ። ፍርዳቸው ትክክል ነበር።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን የቺንጋውን ሥራ በአጭሩ መግለጽ ይገባል። ፒስተኖቹን የሚያንቀሳቅሰው ክራንክ ሻፍት 2 ጊዜ ሲዞር ቫልቮቹን የሚከፍተው ካም ሻፍት 1 ጊዜ መዞር አለበት። ስለዚህ የካም ሻፍቱ ባለጥርስ መዘውር ከክራንክ ሻፍቱ መዘውር እጥፍ ጥርስ አለው፤ ሁለቱን የሚያገናኘውም ጥርስ ያለው የጎማ ቺንጋ ነው። በተከታታይ ተሠርተው ለገበያ ከወጡት መኪናዎች በዚህ ዓይነት የጎማ ቺንጋ የመጀመሪያ የሆነው በ1962 እ.ኤ.አ. የጀርመኑ የግላስ ፋብሪካ ያወጣው 1004 የተባለው መኪና ነው። ቺንጋው ከሰንሰለት ይልቅ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ዋጋውም የቀለለ ስለ ሆነ በብዙ ፋብሪካዎች ተወደደ። ነገር ግን ጎማ ነውና ያረጃል። በተለይ በናፍጣ ሞተር ፒስተኑ ሲወጣ ከቫልቮቹ ጋር የሚቀረው ክፍተት እጅግ ጠባብ ስለ ሆነ፣ ቺንጋው ሲበጠስ ወይም ጥቂት ጥርስ ሲዘል ፒስተኑ ቫልቩን ይመታዋል።

እንግዲህ አሳቤ ይህ ነው፤ ቺንጋው ብቻውን አይሸጥ። ቺንጋው፣ ወጣሪው፣ መሪው ኩሽኔታ፣ በአንዳንድ ሞተሮችም በዚሁ ቺንጋ የሚዞረው የውሃ ፓምፕ፣ አብረው የሚሠሩና አብረው የሚያረጁ ናቸው። ለመካኒኩም የሚከፈለው የእጅ ዋጋ ብዙው ሽፋኑን ለመፍታትና መልሶ ለመግጠም ስለ ሆነ፣ አንዱን ዛሬ ሌላውን ከርሞ መለወጥ ለአንድ ሥራ ሁለት ጊዜ መክፈል ነው።

አስመጪዎች ቺንጋውን ከነወጣሪው በአንድ ካርቶን እንዲያዙ እለምናለሁ። ትእዛዙም በመኪናው ስም ሳይሆን በሞተሩ ዓይነት ይጻፍ። ለምሳሌ በቶዮታ የናፍጣ መኪናዎች 5ኤል እና 2ኬዲ የተባሉት ሞተሮች ቺንጋ አላቸው፤ ኋላ የመጣው 1ጂዲ ግን በሰንሰለት ይሠራል። ከኮሮላም የቀድሞዎቹ 4ኤ ሞተሮች በቺንጋ፣ ከእነርሱ በኋላ የመጡት 1ዜድዜድ እና 1ኤንዜድ በሰንሰለት ናቸው። ስለዚህ «የኮሮላ ቺንጋ» ብሎ ማዘዝ የማይሸጥ ዕቃ በመጋዘን ማከማቸት ነው።

ለባለሱቆች ደግሞ የማሳስበው ስለ አቀማመጡ ነው። በብዙ ሱቆች ቺንጋ በበር ላይ በምስማር ተንጠልጥሎ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው ይታያል። ዓይን ይስባል፤ ዕቃውን ግን ያበላሻል። ምስማሩ ቺንጋውን በአንድ ቦታ ያጥፈዋል፤ በውስጡ ያሉትም ቀጫጭን የመስታወት ክሮች ሲታጠፉ የሚሰበሩ ናቸው። ፀሐይና ሙቀት ጎማውን ያደርቁታል፤ ዘይትና ናፍጣም ይበሉታል። ቺንጋ በካርቶኑ ውስጥ እንዳለ፣ በቀዝቃዛና ደረቅ መደርደሪያ፣ ቀድሞ የገባው ቀድሞ እንዲወጣ ሆኖ ይቀመጥ። ደንበኛው ሲመጣም ሞተሩ ምን ዓይነት እንደ ሆነና ወጣሪው መቼ እንደ ተለወጠ ይጠየቅ። በደረሰኙም ላይ የዕቃው ቁጥርና የመኪናው ኪሎ ሜትር ይጻፍ። እኔ ያን ቀን ይህ ጥያቄ ቀርቦልኝ ቢሆን ኖሮ መልስ አልነበረኝምና ወደ ጋራዡ ተመልሼ እጠይቅ ነበር።

ገዢውም የራሱ ግዴታ አለበት። ብዙዎቹ ፋብሪካዎች ቺንጋው ከ60,000 እስከ 150,000 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ እንደ ሞተሩ ዓይነት እንዲለወጥ ያዛሉ፤ የዓመት ወሰን የሚጨምሩም አሉ። በአንዳንድ የቶዮታ የናፍጣ መኪናዎች ጊዜው ሲደርስ የሚበራ መብራት አለ። መብራቱ ግን የሚቆጥረው ኪሎ ሜትሩን ብቻ ነው፤ የአዋሽንና የሚሌን ሙቀት አይቆጥርም፤ አሮጌ መኪና ሲገዛም ቀድሞ የነበረው ባለቤት ቺንጋውን ሳይለውጥ መብራቱን ብቻ አጥፍቶት ሊሆን ይችላል። ታሪኩ ያልታወቀ መኪና የገዛ ሰው ቺንጋውን አስቀድሞ ይለውጥ።

ሥራውን የሚያሠራ ሰው ከመካኒኩ አጠገብ ቆሞ ጥቂት ነገሮችን ቢመለከት አይጎዳም። አሮጌው ቺንጋ ሳይወጣ በፊት በመዘውሮቹ ላይ ያሉት ምልክቶች ከሞተሩ ምልክቶች ጋር መግጠም አለባቸው። አዲሱ ቺንጋ በካቻቢቴ እየተፈለቀቀ አይገባም፤ አይጠመዘዝም። የመዘውሮቹ ጥርሶች ተበልተው ከሆነ አዲሱን ቺንጋ ይበሉታልና አብረው ይለወጡ። ከኋላቸው ያለው የዘይት ማቆሚያ ጎማ የሚያንጠባጥብ ከሆነም በዚያው ይለወጥ። ሁሉ ከተገጠመ በኋላ ሞተሩ በቁልፍ ከመነሣቱ በፊት፣ ክራንክ ሻፍቱ በእጅ በመፍቻ 2 ሙሉ ዙር ዞሮ ምልክቶቹ መልሰው መግጠማቸው ይታይ። በእጅ ሲዞር አንዳች ነገር ከያዘው አይገደድ፤ እንደገና ይፈተሽ።

«ደንበኛው ርካሽ ይፈልጋል፤ ሙሉውን ዕቃ ብናመጣ ገንዘባችን ታስሮ ይቀራል» የሚሉ ነጋዴዎች እንዳሉ አውቃለሁ። አባባሉ እውነት አለበት፤ በተለይ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዕቃ ማስመጣት እንደ ከበደ የእኛም መዝገብ ይመሰክራል። ዳሩ ግን ለአንድ ወጣሪ የሚወጣው የውጭ ምንዛሪ ለቫልቭ፣ ለፒስተንና ለቴስታታ ከሚወጣው ጋር ሲመዛዘን ኢምንት ነው። ደግሞም በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። የኤሌክትሪክ መኪና ይህ ቺንጋ የለውም፤ ስለዚህ በእጃችን ያለው የነዳጅ መኪና በቀላሉ የሚተካ አይደለምና የሞተሩ ዕድሜ ሊጠበቅ ይገባል። ይህም ለመለዋወጫ ነጋዴ ጥሩ ሥራ ነው፤ ደንበኛው ዳግመኛ የሚመጣው ግን መኪናው ከመንገድ ሳይቀር ሲመለስለት ነው።

እኛ ቤት ከዚያ ወዲህ ለእያንዳንዱ መኪና አንድ ገጽ ተከፍቷል፤ ቺንጋው የገባበት ቀን፣ ኪሎ ሜትሩና የደረሰኙ ቁጥር ይጻፍበታል። ሥራው ለአንድ መኪና በዓመት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነውና፣ አስመጪውም ባለሱቁም ገዢውም በየበኩሉ ይህን እንዲያስብበት በማክበር እያሳሰብሁ አሳቤን በዚሁ እፈጽማለሁ።