«63» የሚለው ቁጥር የማን ነው?

ያቺን ባለ ቀለም ካርታ አይተሃታል። የሀገራት «አይኪው» ተብላ በየጊዜው የምትዞረዋን። ኢትዮጵያ ላይ «63» ተጽፎባታል። ከስሯ ደግሞ የገዛ ልጆቻችን በሳቅ ምልክት አጅበው «ለዚህ እኮ ነው ያላለፈልን» ይላሉ። ወገኔ፣ እየሳቅክ ሼር ያደረግከው ምን እንደሆነ ታውቃለህ?

እንግዲህ ስማ። ቁጥሩ ሪቻርድ ሊን እና ታቱ ቫንሃነን የሚባሉ ሁለት ሰዎች በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ውስጥ ያለ ነው። አዲስ አበባ አልተለካም፣ ጅማ አልተለካም፣ ደሴ አልተለካም። የተወሰደው እስራኤል ውስጥ የተፈተኑ፣ ከሀገራችን ገና የገቡ ቤተ እስራኤላውያን ታዳጊዎች ውጤት ነው። በቃ! በዚያ ዘመን ከገቡት ብዙዎቹ ከጎንደር ገጠር ተነስተው እስከ ሱዳን በእግር የሄዱ፣ መጠለያ ጣቢያ ውስጥ ወገናቸውን የቀበሩ ናቸው። ከዚያ ሁሉ በኋላ ወረቀት ላይ የተሳለ ቅርጽ ቀርቦ «የጎደለውን ሙላ» ተባለ። ይኼ ነው ለመላው ሀገር ማኅተም የሆነው።

ፈተናው ራሱስ ምን ይለካል? ጄምስ ፍሊን የሚባል ኒውዚላንድ ያስተምር የነበረ ምሁር በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የብዙ ሀገራትን የቆዩ ውጤቶች ሰብስቦ ሲያያቸው፣ በየአሥር ዓመቱ ሦስት ነጥብ ገደማ ሲጨምሩ አገኘ። ሆላንድን ውሰድ። ለውትድርና የሚፈተኑ ወጣቶቿ ከ1952 እስከ 1982 እ.ኤ.አ. 20 ነጥብ ጨምረዋል። ታዲያ የሆላንድ አባቶች ደደብ ነበሩ ልንል ነው? ማንም አይልም፤ ነጭ ናቸዋ! በ30 ዓመት ደም አይቀየርም። የሚቀየረው ትምህርት ቤቱ፣ ገበታው፣ ጤና ጣቢያው፣ የልጁ ብዛት ነው።

ሩቅ ነው ካልክ ጎረቤትህን ኬንያን እይ። ኤምቡ በሚባል ገጠር በ1984 እና በ1998 እ.ኤ.አ. ተመሳሳይ ዕድሜ ያላቸው ትንንሽ ልጆች ተፈትነው ነበር። በ14 ዓመት ውስጥ 26 ነጥብ ገደማ ጨመሩ። ያው መንደር፣ ያው ዘር። አጥኚዎቹ ምክንያት ብለው ያነሱት የወላጆችን ማንበብ መቻል፣ የቤተሰብ ቁጥር መቀነስንና የልጆቹን ምግብና ጤና ነው። ወደ ታችም ይወርዳል ደግሞ፦ ኖርዌይ ውስጥ ከ1975 እ.ኤ.አ. በኋላ በተወለዱት ላይ ውጤቱ መውረድ ጀምሯል፤ ከአንድ እናትና አባት በተወለዱ ወንድማማቾች መካከል እንኳን።

ወደ ቤታችን እንመለስ። እኔ ዲግሪዬን ይዤ ቤት ከተቀመጥኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል። አጎቴ በየበዓሉ «የዘንድሮ ትውልድ ጭንቅላቱ ደንዝዟል» ይለኛል። ማስረጃው የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ነው፤ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ መሆኑ። ጋሼ፣ ፈተናው እኮ ያኔ ነው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ ኩረጃው የተዘጋው! የልጆቹ ጭንቅላት በአንድ ክረምት አልተበላሸም። ለ12 ዓመት ያልተማሩት ነገር ነው አደባባይ የወጣው። (እርግጥ አጎቴ ይህን አይቀበልም።)

አያቴ ፊደል አልቆጠረችም። ያንን የቅርጽ ፈተና ብትሰጣት ወረቀቱን መልሳ «ቡና ልጠጣበት» ትልሃለች። ግን የሠላሳ ሰው ዕቁብ፣ ማን ከፈለ ማን ቀረ፣ በቃሏ ትይዝ ነበር።

አሁን የሚያናድደኝን ልንገርህ። በ2019 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናቶቻችን 37 በመቶው የቀነጨሩ ናቸው። ጭንቅላት የሚገነባው ደግሞ በማህፀንና በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ነው። ጨው ውስጥ አዮዲን ሲጠፋ አንገት ላይ እንቅርት ብቻ አይደለም የሚወጣው፤ የሕፃኑም አእምሮ ይጎዳል። አንተ ግን «ደማችን ነው» ብለህ ስትስቅ ሁሉንም ነፃ ለቀቅካቸው። ደም ከሆነማ በጀቱን ማን ይጠየቃል? መጽሐፍ ለአምስት ልጅ አንድ ሲደርስ ማን ይጠየቃል?

አንተም በዚህ በኩል ያለኸው፣ «እኛ በደማችን ብሩህ ነን፣ ድንጋዩ ያኛው ሕዝብ ነው» እያልክ የምትጽፈው፣ አትደሰት። ገጻችን ላይ በየቀኑ አይሃለሁ። የሊንን መጽሐፍ ገልብጠህ ነው የያዝከው።

ካርታዋ ስትመጣ «ማንን፣ የት፣ መቼ ፈተናችሁ?» ብለህ ከስሯ ጻፍ። እኔ ዛሬ ማታ አልኖርም። ታናሽ እህቴ ዘንድሮ ተፈታኝ ናት፤ የፊዚክስ መምህራቸው ከለቀቁ ሦስት ወር ሆኗቸዋል፣ የተተካ የለም፤ እኔ ነኝ የማስጠናት።