ብሬከሩን ከመውቀስዎ በፊት

ሶላር ያስገጠመ ሰው በገንዘቡ የሚደሰተው የሰፈሩ መብራት ሲሄድ ነው። ጎረቤት ሻማ ሲፈልግ የእርስዎ ሳሎን እንደበራ ነው። ታዲያ ያ ሁሉ ወጪ የወጣበት ኢንቨርተር ራሱ ቤቱን በቀን ሁለት ጊዜ ቢያጨልምብዎስ? እኛ ቤት ለሦስት ሳምንት የሆነው ይኸው ነበር።

ኢንቨርተሩ፣ ባትሪውና አዲሱ የብሬከር ሳጥን የተገጠሙት በአንድ ቅዳሜ ነው። ከምጣዱ በቀር የቤቱ መስመር በሙሉ በኢንቨርተሩ በኩል እንዲያልፍ ተደረገ። ከሰኞ ጀምሮ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ገደማ «ጧ!» ይልና ቤቱ ይጨልማል። ማታም እንደዚሁ። እንመልሰዋለን፤ ጥቂት ቆይቶ ይወርዳል። ድሮ እንዲህ ያለ ነገር አይተን ስለማናውቅ ጥፋተኛው ኢንቨርተሩ ነው ብለን ፈረድን። የገጠመልን ሰው በስልክ «ብሬከሩን በትልቅ ቀይሩት» አለን። አንድ የሰፈር ሠራተኛ ደግሞ መጥቶ አየና «ችግሩ ይቺ ‹ቴስት› የሚል ቁልፍ ያላት ናት፤ አውጥቼ ቀጥታ ላገናኝላችሁ፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም» አለ።

እሺ ልለው ትንሽ ነበር የቀረኝ። ያስቆመችኝ የስድስት ዓመት ልጄ ናት። አጠገቤ ቆማ ስትሰማ ቆየችና «ማሚ፣ ግን እኮ አሁን ሻወሩ አይነዝረኝም» አለች።

ከዚያ በፊት ለወራት «ቧንቧው ይነዝረኛል» ትለን ነበር። ውሃው ቀዝቅዞባት ነው ብለን እንስቅ ነበር። በዚያች ደቂቃ ግን ሰውነቴ በረደ። ሰውየውን አመስግኜ ሸኘሁትና መለኪያ ይዞ የሚመጣ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ፈለግን።

ባለሙያው በግማሽ ሰዓት ውስጥ አገኘው። የቦይለሩ ማሞቂያ ብረት ተሰንጥቆ ኤሌክትሪክ ወደ ውሃውና ወደ ቦይለሩ አካል ያፈስ ነበር። አሮጌው መስመራችን የግራውንድ ሽቦ ስላልነበረው የሚያፈሰው ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወርድበት መንገድ አልነበረውም፤ መንገድ የምትሆነው ቧንቧውን የምትነካው ልጅ ነበረች። አዲሱ ሥራ ግራውንድ አስገባ፣ ያቺንም ቁልፍ ያላትን ብሬከር ጨመረ። ቦይለሩን በምናበራባቸው ሰዓቶች ቤቱን ታጨልም የነበረው ፍሳሹን ስለምታይ ነው። ኢንቨርተሩ ምንም አላጠፋም።

ይቺ መሣሪያ የምትሠራው ቀላል ሂሳብ ነው። በአንዱ ሽቦ የወጣው ኤሌክትሪክ በሌላው ሽቦ መመለስ አለበት። በመኖሪያ ቤት ሰውን ለመጠበቅ የምትገጠመው ዓይነት 30 ሚሊ አምፔር ያህል ሲጎድልባት በሰከንድ ሽራፊ ትቆርጣለች። ተራው ባለ 16 አምፔር ብሬከር የሚነቃው ከዚህ ከ500 እጥፍ በላይ ሲያልፍበት ነው። እሱ ሽቦውን ከመቃጠል ያድናል፤ እሷ ሰውን ታድናለች። እኛ በአምስት ደቂቃ ልናስወግዳት የነበረው ይህቺን ነው።

እርስዎም ቤት እንዲህ ያለ ነገር ካጋጠመ በሚከተለው መንገድ ይሂዱ።

የወረደው የትኛው ነው?

የጠፋው ኢንቨርተሩ ራሱ ከሆነ፣ ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ቁጥር ወይም ምልክት በስልክዎ ፎቶ ያንሡ። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ከአቅም በላይ ጭነት ነው። አንድ የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፔር ያህል ነው። ባለ 3 ኪሎ ዋት ኢንቨርተር አይችለውም። ፍሪጅና የውሃ ፓምፕ ደግሞ ሲነሡ ለአፍታ ከተለመደው ብዙ እጥፍ ይስባሉ። እኔ የምተዳደረው በማርኬቲንግ ነው፤ በካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር አንዳንዴ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ የሚቻለው እንደሆነ አውቃለሁ። ሲገዙ ያለማቋረጥ የሚሰጠው ስንት እንደሆነ ይጠይቁ።

የወረደው ተራ ብሬከር ከሆነ፣ በዚያ መስመር ላይ ጭነት በዝቷል ወይም ሽቦ ተገናኝቷል። «ቴስት» የሚለው ቁልፍ ያለው ከሆነ ግን የሆነ ቦታ ፍሳሽ እንዳለ ይጠርጥሩ።

መቼ ነው የሚወርደው?

ለአንድ ሳምንት ሰዓቱንና በዚያን ጊዜ የበራውን ዕቃ ወረቀት ላይ ይጻፉ። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ከሆነ የውጭ መብራቱን፣ የበሩን ደወልና የግቢውን ፓምፕ ይጠርጥሩ። መብራት ሲሄድ ወይም ሲመጣ ብቻ ከሆነ፣ በኢንቨርተሩ ላይ ኒውትራሉና ግራውንዱ የታሰሩበትን መንገድ ባለሙያ ይመልከተው። ምንም የተበላሸ ዕቃ ሳይኖር አምፖል ሲያበሩ እንኳ የሚወርድ ከሆነ ደግሞ በኢንቨርተሩ የሚያልፈው መስመር ኒውትራል ከማያልፈው ጋር ተቀላቅሎ ሊሆን ይችላል። አሮጌ ቤት ላይ አዲስ ሶላር ሲገጠም ይህ የተለመደ ስሕተት ነው።

አንድ በአንድ ይለዩ

እጅዎ ደረቅ፣ እግርዎ በጫማ ይሁን። የሳጥኑን ክዳን አይፍቱ፤ በውጭ በኩል ያሉትን ማብሪያዎች ብቻ ይጠቀሙ። ሁሉንም መስመሮች ያውርዱ፤ ዋናውን ይመልሱ፤ ከዚያ እያንዳንዱን በየተራ ያንሡ። የጣለውን መስመር ሲያገኙ በዚያ ላይ የተሰኩትን ዕቃዎች ነቅለው እንደገና ይሞክሩ። ዕቃው ተነቅሎ ከቆመ ጥፋቱ ከዕቃው ነው። ሁሉም ተነቅሎም ከወረደ ጥፋቱ ግድግዳ ውስጥ ነውና ያንን መስመር እንደወረደ ትተው ባለሙያ ይጥሩ።

ፈጽሞ የማይደረጉ

ብሬከርን በትልቅ አይቀይሩ። ለ16 አምፔር የተዘረጋ ሽቦ 40 አምፔር ሲጫንበት ብሬከሩ ዝም ይላል፤ ሽቦው ግን ግድግዳ ውስጥ ይግላል። «ቴስት» የሚል ቁልፍ ያለውን መሣሪያ አያስወጡ፤ እንዲያውም በየጊዜው ቁልፉን ተጭነው መቁረጡን ያረጋግጡ። ወደ ፓኔሉና ወደ ባትሪው ሽቦዎችም እጅዎን አይስደዱ። ፀሐይ እስካለች ድረስ ፓኔል ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ኢንቨርተሩ ስለጠፋ ሽቦው ሞቷል ማለት አይደለም።

ባለሙያው ሲመጣ ሦስት ነገር ይጠይቁት፦ ግራውንዱን በመሣሪያ ለክቶታል? የሽቦዎቹን መከለያ በሜገር ፈትሿል? የኢንቨርተሩ ኒውትራል ለብቻው ነው? «አያስፈልግም» ካለዎት ሌላ ባለሙያ ይፈልጉ።

እኛ ቤት የቦይለሩ ማሞቂያ ተቀየረ፤ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩልም «ጧ!» የሚል ድምፅ የለም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ብሬከሩ በሽታውን አልደበቀም፤ ልደብቅ የነበርኩት እኔ ነኝ። እርስዎም ዛሬ ማታ ልጆችዎን አንድ ጥያቄ ይጠይቁልኝ፤ ቧንቧው፣ ፍሪጁ ወይም ምጣዱ ነዝሯቸው ያውቃል? «አዎ» ካሉ አይሳቁ።