ቅድሚያ ለአንደኛ ክፍል

ሰባ ሕፃናት በአንድ ድምፅ ፊደል ሲቆጥሩ ከመስኮቱ ውጪ ሆኖ የሚያዳምጥ ሰው ደስ ይለዋል። መምህሯ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን እየነካች ትመራለች፣ ልጆቹ ይቀበላሉ፤ «ለ፣ ሉ፣ ሊ» እያለ ዜማው ይቀጥላል። ችግሩ የሚወጣው መምህሯ ከመሃል አንዷን ፊደል ለይታ አንዱን ልጅ ብቻውን ስትጠይቀው ነው። ከሀ እስከ ፐ ሳይደናቀፍ የወረደው ልጅ «ሎ» የትኛዋ እንደሆነች አያውቃትም። ዜማውን ይዟል፤ ፊደሉን አልያዘም። ሰባ ልጅ በታጨቀበት ክፍል ደግሞ ይህን ጥያቄ ለሁሉም ማዳረስ አይቻልም። የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ለሰባ ሲካፈል ለአንዱ የሚደርሰው 34 ሰከንድ ገደማ ነው፤ ያውም ስም ሳይጠራ፣ የተጣላ ሳይገላገል፣ እርሳስ ለጠፋበት ሳይፈለግለት።

የአማርኛ ዋና ዋናዎቹ 33 ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ እንደ «ሏ» እና «ቷ» ያሉት ሲጨመሩ ከዚያም ይበልጣሉ። ሰ እና ሸ፣ ተ እና ቸ የሚለያዩት በአናታቸው ላይ በምትጨመር አንዲት ጭረት ነው። የስድስትና የሰባት ዓመት ልጅ ይህችን ልዩነት የሚይዛት የሚያየው፣ ሲስት ወዲያው የሚያርመው፣ ነገም ተመልሶ የሚጠይቀው ሰው ሲያገኝ ነው። የቄስ ትምህርት ቤት የኔታዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ሀሁ የጨረሰው ልጅ አቡጊዳ እንዲቆጥር ይደረጋል፤ የለመደው ቅደም ተከተል ሲፈርስበት በቃሉ የያዘው ከዓይኑ ጋር መተዋወቁና አለመተዋወቁ ይለያል። ልጆች ሲበዙም የበረቱት ታናናሾቻቸውን ያስቀጽላሉ። እያንዳንዱ ልጅ ከፊደል ገበታው ፊት ብቻውን የሚሆንበት ጊዜ ነበረው። ዛሬ ሰባና ሰማንያ ልጅ የያዘ 1ኛ ክፍል የጎደለው ይኼው ነው።

ይህ ጉድለት በቁጥርም ታይቷል። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎችና ቋንቋዎች በተካሄደ የንባብ ምዘና፣ 34 በመቶ የሚሆኑት የ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ከቀረበላቸው አጭር ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ሁለት ዓመት ደብተር ይዘው ተመላልሰው፣ ከሦስቱ አንዱ ባዶ እጁን።

ከዚያ ወዲህ አገር የደነገጠው በሌላ ቁጥር ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። ስለ ኩረጃ፣ ስለ ፈተናው አሰጣጥ፣ ስለ ሁለተኛ ደረጃ መምህራን ብቃት ብዙ ተባለ። እነዚያ ወጣቶች 1ኛ ክፍል የገቡት መቼ እንደነበር ያሰበ ግን ጥቂት ነው። አብዛኞቹ የገቡት በ2003 እና በ2004 ገደማ፣ ያ የንባብ ምዘና በተካሄደ ማግስት ነው። ለ12ኛ ክፍል ውጤት ተጠያቂው የ1ኛ ክፍል መጨናነቅ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ነገር ግን በሕፃንነቱ አጥርቶ ማንበብ ያልቻለ ልጅ ፊዚክሱንም ታሪኩንም በተበላሸ መሣሪያ እየቆፈረ አሥራ ሁለት ዓመት ይጓዛል፤ ለዚህ ብዙ ማስረጃ አያስፈልግም።

ክፍሎቹ የሞሉበት ምክንያት ራሱ የሚያሳፍር አይደለም። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሲወጣ በመጀመሪያ ደረጃ የነበሩት ተማሪዎች 3 ሚሊዮን ገደማ ነበሩ፤ በ2009 ዓ.ም. ከ20 ሚሊዮን በላይ ሆነዋል። ክፍያ ቀረ፣ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ ሆነ፣ የገጠር ሴት ልጆች ደጃፉን ረገጡ። ይህ ትልቅ ሥራ ነው፤ ሊናቅም አይገባም። የመማሪያ ክፍልና የመምህር ቁጥር ግን በዚያው ፍጥነት አልተራመደም። ለዓመታት በመለኪያነት የቆየው በመጀመሪያ ደረጃ በአንድ ክፍል 50፣ በሁለተኛ ደረጃ 40 ተማሪ ነው። ሃምሳ ራሱ ለ1ኛ ክፍል ብዙ ነው፤ ብዙ ቦታ ግን ሃምሳም የሚመኙት ቁጥር ሆኗል።

በየዓመቱ ሪፖርት ላይ የሚወጡት አኃዞች ይህን አያሳዩም። አንድ ምክንያት የተማሪ-መምህር ጥምርታ እና በአንድ ክፍል የሚቀመጠው ተማሪ ብዛት መምታታቸው ነው። አንድ ሺህ ተማሪ፣ 25 መምህራንና 14 መማሪያ ክፍሎች ያሉት ትምህርት ቤት እናስብ። ጥምርታው «አንድ ለአርባ» ተብሎ ይጻፋል፤ ደስ የሚል ነው። ልጆቹ የሚቀመጡት ግን 71 እየሆኑ ነው። ሁለተኛው ምክንያት አማካይ የሚባለው ነገር ነው። ተማሪ ከታች ይበዛል፣ ወደ ላይ ሲወጣ እያቋረጠ ይሳሳል። የ8ኛ ክፍል ሠላሳ አምስትና የ1ኛ ክፍል ሰማንያ ተደምረው ሲካፈሉ ለጆሮ የማይከብድ ቁጥር ይወጣል። ማቋረጥ ከሁሉም ክፍሎች ይልቅ የሚበዛው 1ኛ ክፍል ላይ መሆኑን ደግሞ የትምህርት ስታቲስቲክሱ ራሱ ለዓመታት ሲመዘግብ ኖሯል።

«እኛም ሰማንያ ሆነን ተምረናል፤ ምን ሆንን?» የሚሉ አባቶችና እናቶች አሉ። ከልባቸው ነው። ሆኖም ይህን የሚናገሩት ከዚያ ክፍል የወጡት ናቸው፤ በ1ኛ እና በ2ኛ ክፍል ተስፋ ቆርጠው የቀሩት መጥተው አይመሰክሩም።

መምህሩንም ማየት ያስፈልጋል። አራት ምድብ የሚያስተምር መምህር በየምድቡ ሰባ ሰባ ተማሪ ቢኖረው 280 ደብተር ይኖረዋል። ለአንዱ ደብተር ሁለት ደቂቃ ብቻ ቢሰጥ እርማቱ ከዘጠኝ ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። ስለዚህ የቤት ሥራ መስጠት ይቀንሳል፤ የሰጠውንም ሳያነብ ምልክት እያደረገ ያልፋል። ድርሰት ማጻፍማ የማይታሰብ ነው። ከዚያ የምርጫ ጥያቄ ብቻ የለመደ ተማሪ አንድ አንቀጽ መጻፍ አቃተው ተብሎ ይወቀሳል።

የተማሪን ቁጥር መቀነስ በእርግጥ ለውጥ ያመጣል ወይ ለሚለው እስካሁን ከተሠሩት ሙከራዎች ዝነኛው በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ ለአራት ዓመታት የተካሄደው ነው። በ79 ትምህርት ቤቶች ከ11 ሺህ በላይ ሕፃናት በዕጣ ተመደቡ፤ አንዳንዶቹ ከ13 እስከ 17 ልጅ በያዘ ክፍል፣ ሌሎቹ ከ22 እስከ 25 በያዘ፣ የቀሩትም ይህንኑ ያህል ልጅና አንድ ረዳት መምህር ባለበት። በትንሹ ክፍል የተማሩት በንባብም በሒሳብም በለጡ። ይበልጥ የተጠቀሙት ደግሞ ድሆቹና ጥቁር አሜሪካውያኑ ልጆች ነበሩ። ረዳት መምህር መጨመሩ ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም። በትልልቅ ክፍሎች ረዳት መድቦ ችግሩን ማለፍ ይቻላል ለሚሉ ይህ ልብ ሊባል የሚገባው ውጤት ነው።

ካሊፎርኒያ ይህን አይታ እ.ኤ.አ. በ1996 በታችኛዎቹ ክፍሎች የተማሪ ቁጥር ከ20 እንዳይበልጥ ወሰነች። በየዓመቱ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ፈሰሰበት። ነገር ግን ሥራው በመላው ግዛት በአንዴ፣ በጥድፊያ ተጀመረ። መምህር ስላልበቃ የሙያ ፈቃዳቸውን ያላሟሉ ብዙ ሰዎች ተቀጠሩ፤ የደህና ሰፈር ትምህርት ቤቶች አዲስ ቦታ ሲከፍቱ ልምድ ያላቸው መምህራን የድሃ ሰፈሮቹን ጥለው ሄዱ። የቤተ መጻሕፍትና የሙዚቃ ክፍሎች ሳይቀሩ መማሪያ ክፍል ሆኑ። ማሻሻያው በተለይ ሊጠቅማቸው የታሰቡት ልጆች መጀመሪያ ተጎዱ።

ለኢትዮጵያ የሚቀርበው ግን የጎረቤት ኬንያ ተሞክሮ ነው። ኬንያ በ2003 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርትን ነፃ ስታደርግ ክፍሎቿ እንደ እኛው ሞሉ። ተመራማሪዎቹ ኤስተር ዱፍሎ፣ ፓስካሊን ዱፓስና ማይክል ክሬመር እ.ኤ.አ. በ2005 በምዕራብ ኬንያ በ210 ትምህርት ቤቶች በጀመሩት ጥናት፣ በአብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ተጨማሪ የኮንትራት መምህር ተቀጥሮ ከሰማንያ በላይ ልጆች የነበሩበት 1ኛ ክፍል ለሁለት ተከፈለ። ውጤቱ የሚያሳዝንም የሚያስተምርም ነው። ቁጥሩ በግማሽ ቢቀንስም በቋሚ መምህራን እጅ የቆዩት ልጆች ያን ያህል አልተሻሻሉም፤ ሥራው ሲቀልላቸው ከክፍል መቅረት ያበዙ መምህራን ነበሩና። በአዲሶቹ የኮንትራት መምህራን የተማሩት ልጆች ግን ተሻሽለዋል። የወላጆች ኮሚቴ ሠልጥኖ መምህራንን እንዲከታተል በተደረገባቸው ትምህርት ቤቶችም ውጤቱ የተሻለ ሆነ። ይህ መምህራንን በአነስተኛ ደመወዝ በኮንትራት እያንከራተቱ ለማሠራት ምክንያት ሊሆን አይገባም። የሚያሳየው የተማሪ ቁጥር መቀነስ ብቻውን እንደማያስተምር፣ መምህሩ ክፍል ውስጥ መገኘቱና የሚከታተለው ያለው መሆኑ የግድ መሆኑን ነው።

እንግዲህ ሁሉንም ክፍል በአንዴ እናሳንስ ማለት የካሊፎርኒያን ስህተት ያለ ካሊፎርኒያ ገንዘብ መድገም ነው። ያለው አቅም መጀመሪያ 1ኛ እና 2ኛ ክፍል ላይ ይዋል። በእነዚህ ሁለት ክፍሎች አንድ ምድብ ከ40 ልጅ በላይ እንዳይይዝ ወረዳዎች ይወስኑ፤ ክፍል ካልበቃም ፈረቃ ይመለስ። ፈረቃን ማስቀረት እንደ እድገት ሲቆጠር ስለኖረ ይህ ለብዙዎች ይከብዳል። ሆኖም ለፊደል ቆጣሪ ልጅ፣ ሰማንያ ሆኖ ሙሉ ቀን ከመዋል አርባ ሆኖ ግማሽ ቀን መማር ይሻለዋል። የ10ኛ ወይም የ11ኛ ክፍል ተማሪ ሰባ ሆኖም ቢሆን መጽሐፉን ራሱ ገልጦ ማንበብ ይችላል፤ የ1ኛ ክፍሉ ልጅ ግን ከመምህሩ በቀር ማንም የለውም።

የመምህር ምደባውም መገልበጥ አለበት። ለረጅም ጊዜ አሠራሩ ሰርተፍኬት ያለው ከ1ኛ እስከ 4ኛ፣ ዲፕሎማ ያለው ከ5ኛ እስከ 8ኛ፣ ዲግሪ ያለው ሁለተኛ ደረጃ እንዲያስተምር ነበር። በኋላ ዲፕሎማ ለሁሉም የመጀመሪያ ደረጃ መምህራን ቢጠየቅም አስተሳሰቡ አልለቀቀም፤ 1ኛ ክፍል መመደብ ዛሬም በብዙ ትምህርት ቤት እንደ ዝቅታ ይታያል። ርዕሰ መምህራን ፊደል በማስያዝ የተመሰከረላቸውን፣ ሕፃን የሚወዱትንና የሚታገሡትን አንጋፋ መምህራን እዚያ ይመድቡ፤ ወረዳዎችም ለእነዚህ መምህራን የደረጃ እድገትና የቤት አበል ቅድሚያ ይስጡ።

በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው «ትምህርት ለትውልድ» ንቅናቄ ሕዝቡን ለትምህርት ቤቶች ግንባታና እድሳት አነሳስቷል። ብሎኬቱ ሲደረደር አዲሱ ክፍል ለማን እንደሚሰጥ አብሮ ይወሰን። ትምህርት ቢሮዎችም በዓመታዊ ሪፖርታቸው ከጥምርታው ጎን የእያንዳንዱን ትምህርት ቤት የ1ኛ ክፍል ምድቦች ትክክለኛ የተማሪ ቁጥር ያውጡ። መረጃው በየርዕሰ መምህሩ መዝገብ ስላለ ተጨማሪ ጥናት አያስፈልገውም።

የምዝገባ ወቅት ሲደርስ ወላጆችም አንድ ነገር ያድርጉ። ልጃቸው የሚገባበት ምድብ ስንት ልጅ እንደሚይዝና መምህሩ ማን እንደሆነ ይጠይቁ፤ ቁጥሩ ከ50 በላይ ከሆነም ጉዳዩን በወላጅ መምህር ኅብረት በኩል ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ያቅርቡ።