ስኒው ይመስክር

አረቄ አይቀምሱም፤ ጫት አይቅሙም፤ ሲጋራ አያጨሱም። ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ፣ አልፎም እስከ ቦንጋ፣ በቡናው አገር «ጌታን የተቀበሉ» ሰዎች በዚህ ይታወቃሉ። ይሁን። አረቄ ያፈረሰውን ትዳር ስላየሁ አልስቅባቸውም። ጠቤ ከሌላ ነገር ጋር ነው።

አንድ እሁድ ቴፒ ላይ ከአምልኮ በኋላ ቡና ተጋበዝኩ። የዕለቱ ስብከት ስለ ቅድስና ነበር። አንድ ከሰል ሻጭ ማንጆ አብሮን ዘምሮ፣ አብሮን ጸልዮ ወጥቷል። ስኒው ሲዞር ግን ደጅ ቆሟል። «ወንድማችንስ?» ብል፣ «ተወው ጋሼ፣ እሱ ራሱ መግባት አይወድም» አሉኝ። አይወድም! ዕድሜውን ሙሉ ከደጅ የተመለሰ ሰው አለመግባትን ቢለምድ፣ ልማዱ ፈቃዱ ተባለና አረፈው።

ማንጆዎች በካፋና በሸካ የታወቁ አዳኞች ነበሩ፤ ዛሬ ብዙዎቹ ማገዶና ከሰል ሸጠው ያድራሉ። «ጉሬዛ ይበላሉ» እየተባሉ፣ ከማዕድ ተለይተው፣ ምግብ በቅጠል ሲሰጣቸው ኖረዋል።

ለመሆኑ ይህ የቅድስና ትምህርት ከወዴት መጣ? ከምንጮቹ አንዱ የሜቶዲስቶች አባት ጆን ዌስሊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1743 ባወጣው ደንብ ስካርን፣ አረቄንና የወርቅ ጌጥን ከለከለ። እዚህ ላይ ግን አላቆመም። በ1774 ባርነትን የሚያወግዝ ጽሑፍ አሳተመ፤ በ1791 ሊሞት ቀናት ሲቀሩት ለዊልበርፎርስ የጻፈውም የባሪያ ንግድን በርትቶ እንዲታገል ነበር። አሜሪካ ውስጥ ዌስሊያን ሜቶዲስቶች በ1843 ከእናት ቤተ ክርስቲያናቸው የተለዩበት ዋናው ምክንያት ይኸው ባርነት ነው። በ1860 የተመሠረቱት «ነጻ ሜቶዲስቶች» ደግሞ ሀብታም በገንዘቡ የፊት ወንበር እየያዘ ድሃ ወደ ኋላ ሲገፋ አይተው፣ «ወንበር ለሁሉም በነጻ!» አሉ። ጥቂት ነበሩ፤ ወግ አጥባቂ ነበሩ፤ ቅድስናቸው ግን ከአፍ አልፎ ወንበር ድረስ ደርሷል።

እኛ ዘንድ የደረሰው የደንቡ ግማሽ ነው። የማይጠጣውን ተቀበልን፤ አብሮን የሚቀመጠውን ረሳን።

«ንቀቱን እኛ አላመጣነውም፤ ያገር ልማድ ነው» ይሉኛል። እውነት ነው፤ በዕድሩም፣ በሰርጉም፣ በሌላው ሃይማኖት ቤትም አለ። ግን አረቄውስ ያገር ልማድ አልነበረም እንዴ? ያገሩን መለኪያ በአንድ ቀን የሰበረ ሰው፣ ያገሩን ንቀት ለመስበር ስንት ዘመን ይፈልጋል?

«ለብቻቸው ጸሎት ቤት ይሠራላቸው» የሚልም አይጠፋም። ጣራ የተሠራለት ቅጠል ማለት ይህ ነው!

እንግዲህ ሰባኪው ሆይ፣ ስለ ቅድስና ስትናገር አፋችንን ብቻ አታሽትት። ከአምልኮ በኋላ ቡና ሲፈላ ከሰል ሻጩን እጁን ይዘህ አስገባው፤ አንተ በምትጠጣበት ስኒ አጠጣው። የዚያን ቀን ስብከት ባይኖርም ግድ የለም።