ሰሌዳውና ሃይላንዱ

ስለ ስንኝ የሚያወጋ ሰው የቤንዚን ነገር ሲያነሣ ሳያስገርማችሁ አይቀርም፤ ውድ አንባብያን። ነገር ግን ቀኑን በባንክ መስኮት፣ ምሽቱን በግጥም ለሚያሳልፍ እንደ እኔ ላለ የፍኖተ ሰላም ነዋሪ፣ የዚህን አገር ኑሮ ከቤንዚን ነጥሎ መጻፍ የሚቻል አይደለም።

በሌላው ዓለም፣ ለምሳሌ በአሜሪካ፣ «ርካሽ ቤንዚን የት ይገኛል?» ብሎ መጠየቅ ትርጉም አለው። እያንዳንዱ ማደያ የራሱን ዋጋ ስለሚሰቅል፣ ጥቂት ራቅ ብሎ የሄደ አሽከርካሪ ጥቂት ሳንቲም ያተርፋል። በእኛ ዘንድ ግን ነዳጁ ከውጭ የሚገዛ፣ የችርቻሮ ዋጋውም በመንግሥት የሚተመን ነው። ስለዚህ ልዩነቱ በማደያና በማደያ መካከል አይደለም፤ በማደያው ሰሌዳና በመንገድ ዳር በተደረደረው ሃይላንድ መካከል እንጂ። ሰሌዳው ላይ ዋጋ አለ፤ ቤንዚን የለም። ሃይላንዱ ውስጥ ቤንዚን አለ፤ ዋጋው ግን ሻጩ የጠራው ነው።

አንዳንዶች «ዋጋው ወደ ዓለም ገበያ ቢጠጋ ጥቁር ገበያው በራሱ ይከስማል» ይላሉ። ፈጽሞ ሐሰት ነው አልልም፤ ከጎረቤት አገር የረከሰ ነዳጅ ድንበር መሻገሩ አይቀርም። ቢሆንም ቁጥሩን እንይ። በአዲስ አበባ አንድ ሊትር ቤንዚን በሰኔ 2014 ዓ.ም. መጨረሻ 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር። ድጎማው ደረጃ በደረጃ ሲነሣ፣ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮም የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ደረሰ፤ ከዚያም ወዲህ ጨምሯል። ዋጋው ከእጥፍ በላይ ሲያድግ ሃይላንዱ ከመንገድ ዳር አልተነሣም። ምክንያቱም በእኛ አካባቢ ሃይላንዱን የወለደው እጥረት ነው። ከአዲስ አበባ አቅጣጫ የሚመጣው ቦቴ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ፣ ደጀንን፣ ደብረ ማርቆስንና ደምበጫን አልፎ መድረስ አለበት። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት ሳቢያ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ማደያው ይደርቃል። ፍኖተ ሰላም «የሰላም መንገድ» ማለት ነው፤ መንገዱ ሲዘጋ የሚቀረን ስሙ ብቻ ነው።

እስኪ በባንክ ቤት ልማድ እናስላው። አንድ ባጃጅ ነጂ ስምንት ሊትር በሰሌዳው ዋጋ ለመቅዳት ሁለት ቀን ተሰለፈ እንበል። በቀን 800 ብር የሚያስገባ ከሆነ የቀረበት 1,600 ብር ነው፤ በእያንዳንዱ ሊትር ላይ 200 ብር ተጨመረ ማለት ነው። ይህን ሰሌዳው አይጽፈውም፤ መጨረሻ ላይ ግን ተሳፋሪው ከኪሱ ይከፍለዋል።

የገበሬው ነገር ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ባጃጁ ቢያንስ ይሰለፋል፤ የውኃ መሳቢያ ሞተር ግን ማደያ ድረስ አይነዳም! በጀሪካን መቅዳት ሲከለከል፣ በበጋ ሽንኩርቱን በመስኖ ለሚያለማው የጃቢ ጠህናን ወይም የቡሬ ገበሬ የሚቀረው ያው ሃይላንዱ ነው። መግዣ ካጣ፣ ወንዙ ዳር ቆሞ ሰብሉ ሲጠወልግ ያያል። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚባለው ያን ጊዜ ተረት መሆኑ ይቀራል።

በ2017 ዓ.ም. የወጣው የነዳጅ ግብይት አዋጅ ሕገ ወጥ ሽያጭን በብርቱ ይቀጣል። ቅጣቱን አልቃወምም፤ ሃይላንድ የደረደረውን ሥራ አጥ ወጣት ብቻ ማሳደድ ግን ከጅራቱ መጀመር ነው፤ እሱ ቦቴ የለውም። እንደ እኔ እምነት ሁለት ነገር ይበጃል። አንደኛው፣ ቦቴ በገባ ቁጥር ለየትኛው ማደያ ስንት ሊትር እንደደረሰ በአደባባይ ይለጠፍ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ ክፍያ በስልክ እንዲፈጸም ስለተደነገገ፣ የገባውን ከተሸጠው ጋር ማስታረቅ ይቻላል፤ ሂሳቡ ካልገጠመም ማን እንደሚጠየቅ ይታወቃል። ሁለተኛው፣ ሞተር ያለው ገበሬ በቀበሌው ተመዝግቦ፣ በሚያለማው መሬት ልክ፣ በተቆረጠለት ቀን በጀሪካን ይቅዳ። «አትርፎ ይሸጠዋል» የሚል ካለ፣ መሬቱ ይለካል፤ ሞተሩም ይታያል።

ለእኛ ርካሽ ቤንዚን ማለት ቀን ሳይበላ፣ ሰሌዳው ላይ በተጻፈው ዋጋ የሚገኝ ቤንዚን ነው። ከዚያ ያለፈ አልጠየቅንም።

ቸር ወሬ ያሰማን።